የቆየ ባሩድ እጅህ ሲገባ፦ የቱን ትተኩሳለህ፣ የቱን ታስቀምጣለህ፣ የቱን ትደፋለህ

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ዩዝድ የገዛ ሰው ጠመንጃውን ብቻ ይዞ ቤቱ አይገባም። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው፣ ጋራዡን እያራገፈ ነው፣ "ይሄንንም ውሰደው" ብሎ የተጋመሰ የባሩድ ቆርቆሮ፣ የተከፈተ የፔሌት (ተጠቅጥቆ እንደ ክኒን የተሰራ ባሩድ) ፓኬት፣ ክዳኑ የዛገ የካፕ (ሲመታ ብልጭ ብሎ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) ጣሳ ይመርቅለታል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ እንደ ቨርጂኒያና ኮሎራዶ ያሉ ስቴቶች ላይ የመዝል ሎደር፣ ማለትም የዚሁ በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ፣ ሲዝን ከዋናው የጠመንጃ ሲዝን ቀድሞ ስለሚከፈት ብዙ ሰው ወደ አጋዘን አደን የሚገባው በሱ በኩል ነው፣ ሀገር ቤት ቆመህ ጠብቀኝ የሚባለውን አይነት ጠመንጃ ማለት ነው፣ አንዴ ተኩሰህ እንደገና እስክታጎርስ አውሬው ካልጠበቀህ አበቃ።

እና ሁሌ የሚመጣው ጥያቄ "ባሩድ ስንት አመት ይቆያል?" የሚል ነው። እኔ ጥያቄው ራሱ ስቷል ባይ ነኝ። የ50 አመት ባሩድ ካቻምና ከተከፈተው ሊሻል ይችላል፣ ወሳኙ እድሜው ሳይሆን ምን አይነት ባሩድ ነው የሚለውና ክዳኑ እንዴት ተይዞ ነበር የሚለው ነው። ስለዚ በአይነት በአይነት እንየው።

እውነተኛው ጥቁር ባሩድ

ከመቶ 75 ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ፣ በቃ ይሄው ነው። ከነዚህ ሶስቱ ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚበሰብስ ነገር የለም፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ሰውየው ያልፋል ባሩዱ ይቀራል። በ2013 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሰራተኞች የአንድ የድሮ መድፍ ዝገት ሲያጸዱ ውስጡ አረርና ባሩድ እንዳለ ተገኘ፣ መድፉ በ1780 ከሰጠመች ሁሳር ከምትባል የእንግሊዝ ጦር መርከብ የመጣ ነው የሚባለው፣ ፖሊስ ያወጣው ባሩድ 800 ግራም ያህል ነበር እና አሁንም የሚቀጣጠል ነበር። ከዛ በፊት በ2008 ደግሞ ቨርጂኒያ ቼስተርፊልድ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶበት ሞቷል፣ 140 አመት ያለፈው ባሩድ ነው የገደለው። ስለዚ "ኧረ ይሄ እኮ የድሮ ነው፣ ሞቷል" የሚባለውን ነገር እርሳው።

የጥቁር ባሩድ ጠላት አንድ ነው፣ እርጥበት። ናይትሬቱ ውሃ የሚያሟሟው ጨው ነው፣ ባሩዱ አንዴ ከራሰ ጨው ከፍሬው ውስጥ ሟሙቶ ይወጣና ሲደርቅ ውጪው ላይ ይቀራል፣ ከከሰሉና ከድኙ ጋር የነበረው ቅልቅል ይፈርሳል። ለዛ ነው እንደ በርበሬ ጸሀይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ የማይሰራው፣ ይደርቃል ግን የድሮው ባሩድ አይሆንም። የተቋጠረውን በማንኪያ ጀርባ ወይም በመዶሻ ልፍጨው የሚል ሰው ካለ ደግሞ እባክህ ተው በለው፣ ፍጭት እራሱ እሳት ነው፣ የሚወጣው ዱቄት ደግሞ ከፍሬው በተለየ ፍጥነት ነው የሚነደው።

ቆርቆሮው ላይ ኤፍ የሚለው ፊደል ይደጋገማል። ኤፍ በበዛ ቁጥር ፍሬው ይደቃል፣ ይፈጥናል። ሁለት ኤፍ ለ50 ካሊበርና ከዛ በላይ ጠመንጃ እና ለሾትጋን፣ ሶስት ኤፍ ለሽጉጥና አነስ ላሉ ካሊበሮች፣ አራት ኤፍ ደግሞ የባልጩት ጠመንጃ ምጣድ ላይ የሚነሰነሰው ነው፣ በርሜል ውስጥ ሞልተህ የምትተኩሰው አይደለም። የተሰጠህ ቆርቆሮ አራት ኤፍ ከሆነና ጠመንጃህ የካፕ ከሆነ ለሌላ ሰው ስጠው፣ ላንተ ምንም አያደርግልህም።

ባልጩት ካነሳን አይቀር፣ የባልጩት ጠመንጃ ያለው ሰው ምርጫ የለውም፣ እውነተኛው ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው። በጥቁሩ ፋንታ የሚሸጡት ምትኮቹ ለመቀጣጠል ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ የድንጋይ ብልጭታ አይበቃቸውም። ፔንሲልቬኒያ ከገና በኋላ ያለው ሲዝን ለባልጩት ጠመንጃ ብቻ ስለሆነ እዛ የምታድን ከሆነ የድሮ ጥቁር ባሩድ ያለበት ሽማግሌ ጎረቤት ወርቅ ነው።

ምትኮቹ፣ እነዚህ ላይ ነው እድሜ የሚቆጠረው

ፓይሮዴክስ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ ነው፣ ተራ የስፖርት እቃ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የምታገኘው ጥቁር ባሩድ ሳይሆን እሱንና ዘመዶቹን ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛው ጥቁር ባሩድ በፈንጂነት ስለተመደበ ነጋዴው ላይ ብዙ ጣጣ አለው። ፓይሮዴክስ ታሽጎ ከቆየ ደህና ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን እርጥብ ሀገር ላይ፣ ሜሪላንድ ምናምን በጋው ላይ እንዳለው አይነት አየር፣ ጉልበቱ እየወረደ ይመጣል የሚል ቅሬታ ከብዙ ተኳሽ ትሰማለህ እና እኔም አምናለሁ። ሌላው ውስጡ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አለ፣ ሲነድ ክሎራይድ ጨው ይተዋል፣ በርሜል ይበላል። ከተኮስክ በዛው ቀን በሙቅ ውሃና ሳሙና ማጠብ እንጂ ነገ አይባልም።

ትሪፕል ሰቨን ድኝ የለበትም፣ የበሰበሰ እንቁላል አይሸትም፣ በውሃ ይጸዳል፣ ስለዚ ሚስትህ አትነጫነጭም። ግን ሀይለኛ ነው፣ ፋብሪካው ራሱ ከጥቁር ባሩዱ መጠን 15 ከመቶ ቀንስ ይላል፣ ይሄን ሳያነቡ ልክ እንደ ጥቁሩ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ተኩስህ ሲደጋገም በርሜሉ ውስጥ እንደ ቀለበት ያለ ጠንካራ ቅሪት ይሰራል፣ ሁለተኛው አረር እዛ ላይ ሲይዝህ ገብቶ ባሩዱ ላይ የተቀመጠ ይመስልሃል፣ አልተቀመጠም። ክዳኑ ተከፍቶ ከአንድ ሲዝን ወደሌላ የተላለፈ ትሪፕል ሰቨን ለኢላማ ልምምድ ካልሆነ ለአደን አልይዘውም።

ሌሎች በአስኮርቢክ አሲድ፣ ያው ቫይታሚን ሲ፣ የተሰሩ ምትኮችም ገበያ ላይ መጥተው ነበር። እነዚህ ሲቆዩ ቡናማ ይሆናሉ፣ ይቋጠራሉ። እንደዚ ሆኖ ካገኘኸው ጊዜህን አታጥፋ፣ አስወግደው።

ብላክሆርን 209 ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ናይትሮሴሉሎስ ነው መሰረቱ፣ እርጥበት ብዙም አይስብም፣ በርሜል አይበላም፣ ተደጋጋሚ ተኩስ ላይ መጥረግ አያስጨንቅህም፣ ለዛም 10 አውንሷን በውድ ይሸጧታል። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው፦ 209 የሚባለውን የሾትጋን ፕራይመር (ከካፕ የበረታ ማቀጣጠያ) የሚጎርስ ኢንላይን ጠመንጃ፣ ማለትም ማቀጣጠያው ከጎን ሳይሆን በቀጥታ ከበርሜሉ ኋላ የሆነ፣ ያስፈልገዋል፣ ተራ 11 ቁጥር ካፕ በወጉ አያቀጣጥለውም፣ ጽዳቱም በውሃ ሳይሆን በሶልቬንት፣ በጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ነው። ሲቆይ የሚጠላው ከእርጥበት ይልቅ ሙቀት ነው።

ስለዚ ምርጫው ለኔ እንዲህ ነው። የባልጩት ከሆነ ጥቁሩ። ጎኑ ላይ መዶሻ ያለው የካፕ ጠመንጃ ከሆነም ጥቁሩ፣ ካጣህ ፓይሮዴክስ። ዘመናዊ ኢንላይን ይዘህ በአመት ሁለቴ ሶስቴ ብቻ የምትተኩስ ከሆነ ብላክሆርን፣ ምክንያቱም አንዱ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይህ የተከፈተ ባሩድ ጭንቀት አይኖርብህም። ፔሌት ይመቻል፣ መለኪያ አያስፈልገውም፣ ግን ኮሎራዶ በመዝል ሎደር ሲዝን ፔሌት ክልክል ነው፣ ልቅ ባሩድ ብቻ። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ የተሰጣችሁን የፔሌት ፓኬት ይዛችሁ መስከረም ላይ ተራራ እንዳትወጡ።

ጭስ አልባው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰሩት ስህተት

ለዘመናዊ ቀለህ የሚሞላው ጭስ አልባ ባሩድ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ውስጥ አይገባም። ትንሽም አይገባም። ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሎም አይገባም። የሚፈጥረው ግፊት ለጥቁር ባሩድ የተሰራውን በርሜል ይቀደዋል፣ ጣት ይወስዳል፣ አይን ይወስዳል። ለጭስ አልባ ተብለው የተሰሩ ጥቂት ልዩ ጠመንጃዎች ነበሩ፣ አሉም፣ ግን በርሜሉ ላይ ካልተጻፈ ያንተ ከነሱ አይደለም።

የቆየ ጭስ አልባ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ናይትሮሴሉሎሱ ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ የሚያረጋጋው ኬሚካል ሲያልቅ ጣሳውን ስትከፍት የሚቆጠቁጥ የአሲድ ሽታ ይመጣል፣ ቀላ ያለ ቡናማ ጭስ ወይም አቧራ ታያለህ፣ ክዳኑ ከውስጥ ይዝጋል። እንደዚ የሆነ ነገር በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ለነገ አትተወው።

ጣሳውን ማንበብ

በአይን መለየት ይቻላል የሚል ሰው ብዙ ነው። በመጠኑ እውነት አለው፣ ጥቁር ባሩድ በግራፋይት የተለበጠ የሚያብረቀርቅ ስለታም ጠርዝ ያለው ፍሬ ነው፣ ፓይሮዴክስ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ ጭስ አልባው ወጥ ቅርጽ አለው፣ ኳስ ወይም ስስ ክብ ወይም ቁርጥራጭ ዱላ። ግን ብላክሆርንን ብታየው ቁርጥ ጭስ አልባ ነው የሚመስለው፣ ጥቁር ትንንሽ ቱቦ። ደግሞ ሰው ባዶ ጣሳ አይጥልም፣ የድሮ የጥቁር ባሩድ ቆርቆሮ ውስጥ ጭስ አልባ የገለበጠ ሰው ኖሮ አልፎ ይሆናል። ስለዚ ህጉ አጭር ነው፣ ማሸጊያው ካልተነካ ጽሁፉን እመን፣ ከተከፈተና ማን እንደከፈተው ካላወቅክ ጽሁፉን አትመን። ማንኪያ ጫፍ ላይ አቃጥለው የሚሉህም አሉ፣ ያ መንደዱን ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ምን እንደሆነ አይነግርህም።

የታሸገ ሆኖ እድሜውን ማወቅ ከፈለግክ አድራሻውን እይ። ጎዬክስ የሚለው የጥቁር ባሩድ ብራንድ ቆርቆሮ ላይ ሙዚክ፣ ፔንሲልቬኒያ ካለ ፋብሪካው በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሚንደን፣ ሉዊዚያና ከመዛወሩ በፊት የተሰራ ነው። ዱፖንት የሚል ጥቁር ባሩድ ከሆነ ደግሞ ከዛም ይቀድማል፣ ኩባንያው ያንን ስራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው የሸጠው። አድራሻው ላይ ዚፕ ኮድ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ከ1963 በፊት ነው። እንደዚ ያለ ቆርቆሮ ባዶውንም የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ፣ ስለዚ ቆርቆሮውን ቀድደህ እንዳትጥለው።

የት ይቀመጥ

እዚህ ላይ ሰው ባሰበው ተቃራኒ ነው ነገሩ። ብዙ ሰው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፣ የወታደር የብረት ጥይት ሳጥን፣ ጎማ ያለው፣ እርጥበት የማያስገባ፣ ወይ ደግሞ የጠመንጃ ሴፍ። እርጥበቱን በተመለከተ ልክ ነው። እሳት ቢነሳስ? በጠንካራ ብረት ውስጥ የታፈነ ባሩድ ቦምብ ነው፣ ባልታፈነ ነገር ውስጥ ያለው ግን ቦግ ብሎ ይነድና ያልቃል። ለዛ ነው ኤንኤፍፒኤ የሚባለው የእሳት መከላከያ ማህበር ደንብ ለመኖሪያ ቤት የሚመርጠው 1 ኢንች ውፍረት ያለው የእንጨት ሳጥን ወይም ቁም ሳጥን የሆነው፣ ለጥቁር ባሩድ እስከ 20 ፓውንድ። የፌደራል ህጉ ለስፖርትና ለጥንታዊ ጠመንጃ የሚሆን በፋብሪካ የተሰራ ጥቁር ባሩድ እስከ 50 ፓውንድ ያለ ፈቃድ እንድትይዝ ያስችላል፣ ግን የምትኖርበት ከተማ ወይም ካውንቲ ከዛ ሊያጠብ ይችላል፣ አፓርትመንት ላይ ከሆንክ ደግሞ ሊዝህን አንብብ። በነገራችን ላይ 1 ፓውንድ 7000 ግሬን ነው፣ በአንድ ተኩስ 70 ግሬን ብትጠቀም 100 ተኩስ ነው፣ ለአዳኝ ሰው 20 ፓውንድ ምን ሊሰራለት።

ጋራዥ በጋ ላይ ይጋላል፣ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል፣ መኪናና ቤንዚንም አለ፣ የውሃ ማሞቂያ ካለበት ጭራሽ አይታሰብም። ቤዝመንት ሙቀቱ የተረጋጋ ነው ግን ብዙዎቹ ይረጥባሉ፣ ዲሂዩሚዲፋየር የሚሰራበት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከቦይለሩ ራቅ አድርገህ። ለኔ የሚሻለው ቤት ውስጥ ያለ የሚቆለፍ ክሎዜት ነው፣ ደረቅ፣ ልጆች የማይደርሱበት፣ ካፑና ፕራይመሩ ሌላ ክፍል። ፍሪጅ የሚያስገባ ሰው አለ፣ ስታወጣው ጤዛ ይይዛል፣ አታድርገው።

ከመጀመሪያው ጣሳው ወደ ማሰሮ ወይ ወደ መስታወት ጠርሙስ መገልበጥም የለም። አንደኛ ስሙ ይጠፋል፣ ሁለተኛ መስታወት ቢፈነዳ ስብርባሪው ነው የሚገድልህ። የባሩድ መያዣ ቀንድ ላይ ለጌጥ ሞልተህ ግድግዳ ላይ የሰቀልከው ባሩድም ካለ መልሰህ ጣሳው ውስጥ አትጨምረው፣ በዛው የሚሄድበት ይሂድ።

የቆየውን ሜዳ ላይ ስትሞክር

በመጀመሪያ፣ ዩዝድ የገዛኸው ጠመንጃ ራሱ ጎርሶ ሊሆን ይችላል። ማጉረሻ ዘንጉን ወደ ውስጥ ልቀቀው፣ አፈሙዙ ላይ ምልክት አድርግና አውጥተህ ውጪው ላይ ለካ፣ ከበርሜሉ የኋላ ጫፍ ካጠረ ውስጡ የሆነ ነገር አለ።

ባሩዱ ከጣሳው እንደ ጤፍ በነጻ መፍሰስ አለበት። ነጭ ነገር ካወጣ፣ ከተቋጠረ፣ ቆርቆሮው ውስጡ ከዛገ፣ አበቃ። ደህና ከመሰለ የጠመንጃህ ማኑዋል ላይ ካለው ዝቅተኛ መጠን ጀምር፣ ሁሌ በመለኪያ እንጂ ከጣሳው ወይም ከቀንዱ በቀጥታ ወደ በርሜል አይፈስም፣ ውስጥ የቀረ ፍም ካለ እጅህ ላይ ያለው በሙሉ ነው የሚቀጣጠለው። የመለኪያው ቁጥር በይዘት ነው፣ በሚዛን አይደለም፣ ፓይሮዴክስ ቀላል ስለሆነ በሚዛን ካደረግከው ከልክ በላይ ትሞላለህ።

ደካማ ባሩድ ቢበዛ ቀስ ብሎ ይተኩሳል እንጂ አይጎዳም የሚል አስተያየት በጣም አደገኛ ነው። ደካማው አረሩን በርሜሉ መሀል ላይ ይተወዋል፣ አንተ "አልተኮሰም" ብለህ ወይም ሳታስተውል ሌላ ታጎርሳለህ፣ ከታች ሳይነድ የቀረ ባሩድ፣ ከዛ ክፍተት፣ መሀል ላይ የተጣበቀው አረር፣ ከላዩ አዲሱ ጉርሻ፣ ስትተኩሰው በርሜሉ ይተረተራል። ዘንጉ ላይ ሙሉ ሲጎርስ የት እንደሚደርስ ምልክት አድርግበት፣ በየተኩሱ እየው። ምላጩን ስበህ ዝም ካለህ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርክ ቢያንስ 1 ደቂቃ ቁም፣ የዘገየ እሳት አለ።

ክሮኖግራፍ፣ የአረር ፍጥነት መለኪያ፣ ያለው ጓደኛ ካለህ ከአዲስ ባሩድ ጋር አነጻጽር። ፍጥነቱ ዝቅ ብሎም ከተኩስ ተኩስ ተመሳሳይ ከሆነ ለልምምድ ይሆናል። አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ የሚል ከሆነ አጋዘን ላይ አትተኩስበት፣ አቁስለህ ጫካ ለጫካ ስትከተለው ታመሻለህ። ካፑም እንደዛው፣ ዝገት የነካው ጣሳ ውስጥ የነበረ 11 ቁጥር ካፕ ግማሹ ቢሰራ ነው፣ አዲስ ግዛ።

ሲዝን ላይ ሌላ የሚረሳ ነገር፣ ብርድ ውስጥ የዋለ የጎረሰ ጠመንጃ ሞቅ ያለ ቤት ስታስገባው በርሜሉ ውስጥ ጤዛ ይይዛል። ካፑን አውጥተህ ብርድ ያለበት ግን የሚቆለፍ ቦታ ቢያድር ይሻላል፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን ማታ ማታ ማራገፍ ነው።

ማስወገድና ማጓጓዝ

ትንሽ ጥቁር ባሩድ ከሆነ ቀላል ነው፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ጨምረህ ናይትሬቱ እስኪሟሟ አቆየውና ሳር ላይ አርቀህ በትነው፣ ናይትሬት ያው ማዳበሪያ ነው። በጥቂት ውሃ አርሶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መጨመር ግን አይሆንም፣ ይደርቃል። ፓይሮዴክስ ፐርክሎሬት ስላለው ጉድጓድ ውሃ አጠገብ አትድፋው። ብላክሆርንና ጭስ አልባው ውሃ ውስጥ አይሟሙም፣ ደርቀው እንደገና ይነዳሉ፣ ስለዚ ለነሱ፣ እንዲሁም ምንነቱ ላልታወቀና ብዙ ለሆነ ነገር ሁሉ የከተማህን የእሳት አደጋ መስሪያ ቤት በተራው ስልክ፣ 911 ሳይሆን፣ ደውለህ ጠይቅ። መኪና ላይ ጭነህ ደጃፋቸው ድረስ ይዘህ አትሂድ፣ መጀመሪያ ደውል።

ባሩድ በፖስታ አይላክም። በአውሮፕላንም በእጅ ሻንጣ ይሁን በሚጫነው ቲኤስኤ፣ የኤርፖርት ፍተሻው መስሪያ ቤት፣ ጥቁር ባሩድንም ምትኩንም ካፕንም አይፈቅድም። ስለዚ ከሜሪላንድ ኮሎራዶ በርረህ የምታድን ከሆነ ጠመንጃህን አስመዝግበህ በሚቆለፍ ሳጥን ውሰድ፣ ባሩድና ካፑን እዛው ደርሰህ ግዛ፣ ቀንድህንና መለኪያህን ደግሞ ከመነሳትህ በፊት አጥበህ አድርቀው፣ የባሩድ ቅሪት ካለበት ኤርፖርት ላይ ጉድ ነው የሚፈላው።